ፍሬን የሌለው ወንበር

ጥቅምት 3
የአባባ መኪና ዛሬም ቆመች። አደባባዩ መሃል። ከሥራ ስመለስ የጥሩምባውን ጩኸት ሰምቼ "እባክሽ የእኛ አትሁኚ" አልኩ። የእኛዋ ነበረች። አባባ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሞተሩን ይቆጣል። አንድ አሸዋ የጫነ ሹፌር አዝኖልን ጎተተን።

ይቺ መኪና አባባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሰው መንዳት ያስተማረባት ናት። በአስተማሪው ወንበር በኩልም የራሷ ፍሬን አላት። ግማሹ ከተማ መንጃ ያወጣው አባባ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። እኔም። ሌላውን ሁሉ "ትችላለህ፣ ሂድ" ብሎ ሸኝቷል። ለእኔ እስከ ዛሬ "ቀስ" ብቻ።

ጥቅምት 4
ወሰንኩ። ፒክአፕ እገዛለሁ። የሴራሚክ ፋብሪካው ሰርቪስ ከቀረ ወዲህ ታክሲ ስጋፋ ጎኔ አለቀ። በየቀኑ ሥራ ታደርሰኛለች፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አባባን ትጎትታለች። ለእማዬ ነገርኳት።
"መኪናውን ነው አባትሽን?"
ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም።

ማታ አባባ ሰማ። "መጎተቻ ያለው ልትገዢ ነው አሉ። የእኔዋን ብረት ገዢ ጋ ልትወስጃት?"
"ቤት ላመጣት ነው እንጂ።"
"እንግዲያው አብሬሽ ሄጄ አይልሻለሁ።"
ጉዴ ፈላ።

ጥቅምት 9
የመጀመሪያዋ። ነጠላ ጋቢና፣ አሮጌ ናፍጣ። ደላላው "ተራራ ትጎትታለች" አለ። ተራራውን እንጃ፤ የእኔን አንጀት ግን ጎትታዋለች። ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር ጥርሴ ይንገጫገጫል። በዚህች ሥራ ብመላለስ ደመወዜ ለጥርስ ሐኪም ነው።

አባባ አጠገቤ ተቀምጦ በቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ጧ! ውሻ ሲያይ ጧ! ስንወርድ ፍርዱን ሰጠ።
"ፍሬን የላትም።"
ደላላው ክው አለ። "ኧረ አባቴ፣ ትናንት ነው የተቀየረላት!"
"በእኔ በኩል የላትም።"

ጥቅምት 12
ሁለተኛዋ። ግዙፍ፣ አውቶማቲክ። ለመውጣት መሰላል ሊያስፈልገኝ ምንም አልቀረው። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ትይዛለች። ናፍጣ ትጠጣለች አይባልም፣ ትዋኝበታለች። ግን ወንበሩ እንዴት ይመቻል! ከላይ ሆኜ ሰውን ሁሉ ቁልቁል ሳይ ልቤ ሸፈተ።

"ቀስ" አለ አባባ።
"ቆመናል እኮ አባባ።"
"ቢሆንም።"
ፍርድ፦ በእሱ በኩል ፍሬን የላትም።

ጥቅምት 13
ቆይ፣ ምንድን ነው የሚፈልገው? እማዬን ጠየቅኳት። "ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ሰው ሲያድን ነው የኖረው" አለች። "አሁን ማንን ያድን?"

ተናደድኩም፣ አዘንኩም። እኔ እኮ የምፈልገው አንዲት ቃል ናት። ለዳቦ ጋጋሪው ልጅ እንኳ "ትችያለሽ" ብሏታል። ያቺ አጥር የጣሰችው! ደግሞ በዚያው ሳምንት...

ጥቅምት 19
ሦስተኛዋ። ደብል ጋቢና፣ ናፍጣ፣ የእጅ ማርሽ። ግዙፍም ሚጢጢም አይደለችም። ጉድጓዱን ትችለዋለች፣ ዳገት ላይ አትለግምም። አባባ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ መጎተቻው ከሥር ዋናው ብረት፣ ሻንሲው ላይ የታሰረ መሆኑን አረጋገጠ። "የኋላ መከላከያው ላይ ቢሆን መከላከያውን ለእኔ ጥለሽልኝ ትሄጂ ነበር" አለ። ከእሱ አፍ ይሄ ሙገሳ ነው። ሊቀጥል ሲል ቀደምኩት።

"አውቃለሁ። በአንተ በኩል ፍሬን የላትም። ገዝቻታለሁ።"

ቤት እስክንደርስ ወለሉን ሲረግጥ ነው የመጣው።

ኅዳር 2
ደወለ። "ነይ" ብቻ። አደባባዩ ጋ... እዚያችው ቦታ። ከፋብሪካ በቀጥታ ሄድኩ። ገመዱን አሰርኩ። ፈትቶ እንደገና አሰረው።
"ገመዱ ሳይወጠር እንዳትነጥቂ። ቀስ..."
"እሺ አባባ። ግባ።"

እኔም ገባሁ። ተነሣሁ። ገመዱ ወጠር አለ፣ መኪናዋ ተከተለችኝ። ኩራቴን ብታዩት! ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ በስፖኪዮ ሳይ መሪው ጋ ሰው የለም።

ወደቀ? ወረደ? ደግሜ አየሁ። አለ። ቀበቶውን አስሮ፣ ቀጥ ብሎ... የአስተማሪው ወንበር ላይ! ልማድ ሆኖበት በዚያ በር ገብቷል። በግራ እጁ መሪውን ከጎን ይዞ፣ በቀኝ እግሩ የራሱን ፍሬን ነካ ነካ እያደረገ ባዶውን ወንበር ያስተምራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። "ቀስ" እያለው ነው፣ እምላለሁ።

ዳር ልያዝ? ጠባብ ነው። ቀጠልኩ፤ ገመዱ አንዴም አልነጠረም። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ መንፋት ረሳ።

በር ላይ እማዬ ቆማለች። "ሹፌሩስ?"
አባባ ያኔ ገና ወደ ግራው ዞረ። ባዶውን ወንበር አየው።
"እኔ እኮ..." አለ፣ "ዛሬስ ጎበዝ ተማሪ ገጠመኝ ብዬ ነበር።"
እማዬ ግንቡን ተደግፋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፣ ግን ቶሎ አቆመ። አሳዘነኝ።

ኅዳር 3
መካኒኩ መጣ። "ይሠራል፣ ግን አትመኑት" አለ።
አባባ፦ "ስለ ሞተሩ ነው ስለ እኔ?"

ኅዳር 21
ከአባባ ጋር የመኪናዋን ዕቃ ፍለጋ ከከተማ ወጣን። የእኔዋን እየነዳሁ። መስቀለኛውን አለፍኩ፣ ወለሉ ዝም። ውሻ ገባብኝ፣ አሁንም ዝም። አኮረፈኝ እንዴ ብዬ ዞር አልኩ።

ተኝቷል። ጫማውን አውልቆ፣ ሁለቱንም እግሮቹን ወንበሩ ላይ አጣጥፎ። አባባ! ሌላ ሰው እየነዳ ሲተኛ አይቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላ እንቁላል የጫንኩ ይመስል ነው የነዳሁት። ማርሽ ስቀይር ትንፋሼን እይዛለሁ። ደስ አለኝ... በጣም።

ማደያ ስቆም ነቃ። ነዳጅ ቀጂው የድሮ ተማሪው ነው።
"ጋሼ! እርስዎ? ሰው እየነዳዎት ይተኛሉ?"
አባባ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እየፈለገ፣ እኔን ሳያይ፣ "ምን ላድርግ፤ ትችላለች" አለ።

ቀጂው ስንት ልቅዳ ብሎ ደጋግሞ ጠይቆኛል አሉ። አልሰማሁትም።

ስንወጣ "ቀስ" አለኝ። ቀስ አልኩ።