አያትየዋ ያለቀሰችበት ምዕራፍ

ይድረስ ለልጄ፦ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ፣ የሰው ፊት አይግረፍሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ አባትሽ ዛሬም ከሬዲዮው ጋር ይጣላል።

የላክሽልኝን ልብ ወለድ ጨረስኩት። አንዱ ምዕራፍ የአያት፣ ቀጣዩ የልጅ ልጅ ሲሆንብኝ፣ የሁለት ደንበኛ ቀሚስ አንድ ላይ የተሰፋ መስሎኝ ነበር። አባትሽማ "ማተሚያ ቤቱ ተሳስቶ ነው፣ መልሺው" አለኝ። እኔ ግን እንደ ስፌት ተርትሬ መጀመሪያ የአያትየዋን ምዕራፎች ብቻ፣ ከዚያ የልጅቷን አነበብኩ።

ልጅቷ "አያቴ ብርቱ ሴት ነበረች፤ አልቅሳ አታውቅም" እያለች ትኮራለች፤ ሲከፋትም ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች። እኔ ደግሞ አያትየዋ በር ዘግታ ስትንሰቀሰቅ አንብቤ መጥቻለሁ። ምነው በነገረቻት ብዬ ተናደድኩ!

አንቺም በስልክ "ደህና ነኝ እማዬ" ነው፤ እኔም "ደህና ነኝ" ነው። እስቲ እኔ ልጀምር። ያን ሁሉ ገጽ ለማንበብ ጊዜ ያገኘሁት፣ ቀኝ እጄ መቀስ አልይዝ ብሎኝ ስፌቱን ስላቆምኩ ነው። በር ዘግቼ አልቅሼበታለሁ።

ጤናና የልብ ሰው አይንሳሽ። እሁድ ስትደውዪ ተራው ያንቺ ነው።

እናትሽ