ስለ ክበባችን በርሜልና ስለ ገብረ መድኅን ዓይኖች

ይድረስ ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
መካኒሳ አቦ፣ ሰኔ 4 ቀን 1982 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም የዓይንዎን ደኅንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የቀበሌው ጤና ረዳትና የጤና ኮሚቴው ጸሐፊ አስረስ ይመኑ ደኅና ነኝ፤ ደኅና መሆኔ ግን ካለፈው ሚያዝያ ወዲህ ያሳፍረኛል። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ለክብርዎ የሚገባው ምስጋና በቢሮ ተወስኖ እንዳይቀር በማሰብ ነው።

አንደኛ፣ አምና ያቀረብኩልዎትን ማሳሰቢያ በደስታ ስለ ተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። ክበባችን በጠዋት መጠጥ እንዳይሸጥ፣ ለልጆች እንዳይቀዳ፣ ምንጩ ያልታወቀ አረቄ እንዳይገባ፣ መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰውም ሳይሳቀቅ የሚመጣበት አንዲት ክፍል እንድትሰጠን ጠይቄ ነበር። እርስዎም ከአራቱ ነጥቦች አንዱንም ሳይጥሉ አራቱንም በአንድ ፋይል ውስጥ በክብር አስቀመጡልኝ። በምትካቸውም «የፀረ ስካር ሳምንት» እንዲከበር አዘዙ፤ የመዝጊያው በዓል የተደረገው ደግሞ በዚያው በክበቡ፣ አረቄው በሚቀዳበት በርሜል ፊት ለፊት ነበር።

ሁለተኛ፣ የበዓሉን ንግግር እንዳደርግ ስለ መረጡኝ አመሰግናለሁ። ስለ መጠጥ ጉዳት ለመናገር ከእኔ የተሻለ ሰው አልነበረም፤ ወደ መድረኩ ከመውጣቴ በፊት ሦስት መለኪያ ጨልጬ ነበርና። «ጉበት» የምትለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሳትወጣልኝ ቀረች። ሕዝቡ ሳቀ፣ እርስዎ አጨበጨቡ። ያልሳቁት የሴቶች ማኅበር ተጠሪያችን ወይዘሮ ሐሚዳ ሱልጣን ብቻ ነበሩ፤ ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። ያን ቀን የሳቀውን ሕዝብ ሁሉ ረስቼዋለሁ፤ የእርሳቸው አወጣጥ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሦስተኛ፣ ለኮሚቴ አባላት ከበርሜሉ ሳይሆን ከታሸገው ጠርሙስ እንዲቀዳልን ስለ አደረጉ አመሰግናለሁ። የዚህ ጸጋ ትርጉም የገባኝ ዘግይቼ ነው። ለክበቡ ለዓመታት አረቄ ያወጡ የነበሩት ወይዘሮ ዘነቡ፣ ሌላ አቅራቢ ከተተካባቸው በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው መጥተው፣ «ልጄ፣ ይሄ አዲሱ አረቄ በጌሾና በብቅል የወጣ አይደለም፤ ለመጠጥ የማይሆን ስፒሪቶ አለበት። ሰው ሳይጨርስ ተዉ በላቸው» አሉኝ። በማግሥቱ ቢሮዎ ገብቼ ስነግርዎ፣ «ገበያዋን ስለ ተቀማች ነው። ደግሞስ አንተ ስትጠጣ ምን ሆንክ?» አሉኝ። እርስዎም እኔም ከየትኛው እንደምንጠጣ እናውቅ ነበር። እኔ ግን «ልክ ነው ጓድ» ብዬ እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ለማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ልብስ ሰፊው ገብረ መድኅን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ ያውም አንድ ሁለት ብሎ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነበር። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ከበርሜሉ ጠጣ፤ እሑድ ሲያስመልሰው ዋለ፤ ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ ተሾመች እጁን ይዛ ወደ እኔ አመጣችው። «አስረስ፣ ሁሉ ነገር ጉም ለብሶብኛል፤ ፊትህን አላየውም» አለኝ። እሷም፣ «ከመጠጡ ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አውቅ ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር። ስፒሪቶ ጠጥቶ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ እንዳለበት ተምሬአለሁ። ነገር ግን በመላኪያው ወረቀት ላይ «መጠጥ» ብዬ ብጽፍ የየት መጠጥ እንደ ሆነ፣ ማን አውቆ ዝም እንዳለ ይጠየቃል። ስለዚህ፣ «አይ፣ ብርድ መትቶት ነው» አልኳትና የዓይን ቅባት ሰጥቼ መለስኳቸው። ተሾመች መርቃኝ ሄደች። ረቡዕ ዕለት ገብረ መድኅን ቀኑ መሽቶ እንደ ሆነ ልጆቹን ይጠይቅ ጀመር። በኋላ በወሰዱበት ሆስፒታል ሐኪሙ፣ «ሰኞ ብታመጡት ኖሮ ተስፋ ነበረው» አላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እውነቱን ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። ተሾመች በባሏ የስፌት መኪና ላይ ጨርቁን ትመራለች፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጥላታል። ሁሉንም ነገርኳቸው። መኪናው ቆመ። ገብረ መድኅን፣ «ጠጥተህ ነው የመጣኸው?» አለኝ። አለመጠጣቴን ስነግረው፣ «እንግዲያው ለቀረው ሰው ንገር፤ እኔ ካሁን ወዲያ ነግረኸኝ ምን ላደርገው ነው?» አለ። ተሾመች ቁጭ በልም አላለችኝም።

ከወይዘሮ ሐሚዳና ከወይዘሮ ዘነቡ ጋር ሆነን ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ጀምረን ቤት ለቤት ዞርን። በየደጃፉ እኔው ራሴ፣ «የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ከበርሜሉ አትጠጡ» እያልኩ ተናገርኩ። አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ፣ አንዳንዱ ውኃ ሰጠኝ፤ በሳምንቱ ግን ከበርሜሉ የሚያስቀዳ ሰው ጠፋ። እርስዎም ይህን ተመልክተው ክበቡን «ለእድሳት» ሦስት ቀን ዘጉት፤ ግድግዳውን አረንጓዴ አስቀብተው፣ በርሜሉን በቦታው አድርገው ከፈቱት። ለቀለሙ ማማር ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አሁን የምለምንዎ በርሜሉ በሕዝብ ፊት እንዲደፋና አራቱ ነጥቦች ከፋይሉ እንዲወጡ ነው። የራሴን ጥፋት በሚመለከት ቃሌን በፊርማዬ ጽፌ ለበላይ ጤና መሥሪያ ቤት ስለ ላክሁ፣ እኔን ለመክሰስ ክብርዎ አይደክምም። ከምስክሮቹም የመጀመሪያው እኔው ነኝ።

በታላቅ አክብሮት፣ ከጠርሙሱ አብሬዎት የጠጣሁ፣ በዝምታዬም ያገለገልኩዎት፣ ታዛዥዎ
አስረስ ይመኑ

ማስታወሻ፦ ለጥያቄ እንደሚያስጠሩኝ አልጠራጠርም፤ በተባለው ሰዓት እገኛለሁ። ከመጠጥ ከተለየሁ ዛሬ አሥራ ሰባተኛ ቀኔ ስለ ሆነ እጄ ገና ይንቀጠቀጣል፤ እርስዎን ፈርቶ ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤ እንዳይመዘገብብኝ በትሕትና አሳስባለሁ።