ስሟን ማን አወጣላት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 16 ቀን 1991

ያቺ የማሽላ ዘረመል (ጂን) ዛሬም ከሐሳቤ አልወጣችም። አምና ኢንተርኔት ላይ ወዳለው የጂኖች መረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ስንልካት «ምናልባት ድርቅ የምትቋቋም» ብለን ነበር፤ ግምት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የውጭ አገር ላብራቶሪ የእኛዋን የምትመስል የበቆሎ ጂን አስገብቶ አገኘን። «ድርቅ ተቋቋሚ» ይላል፤ «ምናልባት» የሚል የለውም። አለቃዬ ዶክተር መንበረ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

«ይኸው፣ ሌሎችም አረጋገጡልን!» ብለው ጂኗ ያለችበት ዘር ለወሎ ገበሬዎች እንዲታደል መሯሯጥ ጀመሩ።

እኔ ግን ነገሩ አልጣመኝም። ሳላማክራቸው ለበቆሎዎቹ ሰዎች ኢሜይል ላክሁና በምን እንዳወቁ ጠየቅሁ። ዛሬ ጠዋት ሩዋንዳ ሰፈር ያለው ቢሯችን ስገባ መልሱ መጥቷል። ምንም ሙከራ አላደረጉም። ዳታቤዙ ውስጥ የምትመስላትን ፈልገው ስሟን ገለበጡ። የገለበጡት ከእኛዋ ነው፤ «ምናልባት»ን ብቻ ጥለው።

ለዶክተር አሳየኋቸው። አንብበው በሩን ዘጉ።

«ሌላ ያየው ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«በይ፣ ለጊዜው በመካከላችን ይቆይ።»

ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው? ዘሩ እስኪዘራ?

ማታ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ከታክሲ ወርጄ ሰፈራችን ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው።

«ድርቅ የሚችል ማሽላ አገኛችሁ አሉ?»

«ማን ነገረዎት?»

«ሁሉም ያወራዋል እኮ! ወንድሜ የድሮውን ዘር ሊሸጠው ነው።»

«አይሽጥ፣ ጋሽ ሰይድ።»

ለምን ብለው ጠየቁኝ። «ለማንኛውም ያቆየው» ብያቸው ወጣሁ።