የጉድጓዱ ዳር ማሽላ

ከሚሴ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘምዘም አብዱልጀሊል
ጃፓን

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። ሰላምታዬን ከተቀበልሽ ቁጣዬንም ተቀበይ። ባለፈው ስትደውይ መስመሩ አልተቋረጠም፤ ስልኩን የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ።

የእህል ጉድጓድ የሚከፍተው የከደነው ሰው ነው። ጨፋ ያደገች ልጅ ይህ አይጠፋትም። አንቺ ግን እኔ ባቲ ገበያ ስውል ለጎረቤታችን ለሙጂብ ደውለሽ አስከፈትሽው። ስመለስ ሰው ጉድጓዴን ከቦ ቆሟል። ሙጂብ ማፈሩ ቀርቶ፣ «አያ፣ ዘምዘም ዶሮ እንኳ አይቅመሰው ብላለች፤ እኛማ ያዘንነው ለዶሮዎ ነው!» ብሎ አሳቀብኝ። ዕድሜ ልኬን እንግዳ ያበላሁበትን ጉድጓድ መርዝ አሰኘሽው።

እዚያ ስለ ሻጋታ ተምረሽ የነገርሽኝን ልድገምልሽ። ሁለት ሻጋታ አለ፤ ሁለቱም አረንጓዴ ሆነው ወደ ቢጫ ያደላሉ፣ በዓይን አይለዩም። አንዱን ጃፓኖች አኩሪ አተር ላይ ዘርተው የወጥ ማጣፈጫ ያደርጉታል። ሌላው ጉበት ይበላል። ሊቃውንቱ ራሳቸው አንድ ዝርያ ነው፣ የለም ሁለት ነው እያሉ ይከራከራሉ። ታዲያ አንቺ ሙጂብ ባነሳው ፎቶ የእኔን ከየትኛው መደብሽው? እኔ ያለ አስተማሪ ነው ማንበብ የለመድኩት፤ ሳይለዩ መፍረድን ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም።

ይህን ስልሽ «የእማዬስ ጉበት?» አልሽ። ስልኩን የዘጋሁት እዚህ ላይ ነው። አባት እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም! እናትሽ ዘሊካ የሞተችው ቀኗ ደርሶ ነው።

እናትሽ ከጉድጓዱ መሃል የወጣውን ንጹሑን ለእንግዳና ለእኔ ታቀርብ ነበር። የዳሩን፣ የሚሸተውን፣ አጥባ አስጥታ ለብቻ ታስቀምጠዋለች። ለምን ስላት «ለበሬዎቹ» ትለኝ ነበር።

በሬዎቹን ከሸጥን በኋላም ታስቀምጥ ነበር።

ጉድጓዱን መልሼ ከድኜዋለሁ። ማሽላውን አልበላሁትም፤ ይህን ያደረግሁት ግን አንቺ ስላልሽ አይደለም። ከዳሩ ጥቂት ፍቄ፣ በወረቀት ጠቅልዬ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቻለሁ። ለዪው። የሚበላው ከሆነ ስሙን በትልልቁ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ለሙጂብ በሰው ፊት አነብለታለሁ። ሌላው ከሆነ ስም አትጻፊልኝ። ሰላምታ ብቻ ላኪ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ከሰው አገር ክፉ ይጠብቅሽ። ጥቅሉን ስትፈቺ አፍንጫሽን ሸፍኚ።

አባትሽ
አብዱልጀሊል