በቁምሽ ያለቀስኩልሽ ቀን

ውድ ጥሩሸዋ፣

እንዳልሞትሽ አውቃለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ወሬው ሌላ ስለሆነ፣ ወሬውንም ያስነሣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ደብዳቤውን የሚያነብልሽ የወንድምሽ ልጅ ወንድምአገኝ ነው። ወንድምአገኝ፣ ደስ የማይል ቦታ ስትደርስ እንዳትዘል።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ እንደሆነ ሰምተሽ ይሆናል። መምህር ዮፍታሄ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛን አሮጊቶችን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። መጻፍ እንደቻልኩ፣ «እማማ ጌታነሽ፣ እርስዎ እኮ አሰልጣኝ ነዎት። ለቆነጃጅቱ ሙሾ ሲያስተምሩ የኖሩትን በመጽሐፍ ያስቀሩት» አለኝ። አሰልጣኝ ሲለኝ ሳቅኩ። የኳስ አሰልጣኝ መሰልኩት? ግን ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ድምፅ ከሆድ እንጂ ከጉሮሮ እንደማይወጣ፣ የሟች ስም ሦስት ጊዜ እንደሚጠራ፣ ከመጀመር በፊት ሟቹ ምን ይወድ እንደነበር እንደሚጠየቅ ጻፍኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሙሾ አውራጅ ራሷ እንዳታለቅስ ጻፍኩ። ካለቀሰች ግጥሙ ይጠፋታል፤ ሌላውን ማስለቀስ አትችልም። ይህን ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ። አንቺም ታውቂዋለሽ።

ያንቺን ስም ግን አልጻፍኩም። እኔ አንዱን ስንኝ ስጥል ሁለተኛውን አንቺ ትመልሺ እንደነበር፣ በየለቅሶው ሁለታችን እንደ አንድ ሰው እንጠራ እንደነበር አልጻፍኩም። ልጄ ማዕረግ የሞተች ጊዜ አልመጣሽማ። ለቀስተኛው ሁሉ ወዳንቺ መንደር፣ ወደ ቀየት መንገድ ያይ ነበር። እኔም አይ ነበር፤ እንዳላየሁ ሆኜ። ከዚያ ብቻዬን አወረድኩ፤ ለገዛ ልጄ። አንዲት እንባ አላፈሰስኩም። ያላንቺም እንደምችል እንዲያዩልኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው።

መጽሐፉ ታተመ። በገበያ ቀን ሞላሌ፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ጆንያ አንጥፌ ደረደርኩት። ሰርካለም የምትባል የባና ነጋዴ አንዱን አንሥታ አገላበጠች።

«የምን መጽሐፍ ነው እትዬ?»

«የሙሾ።»

ፍም እንደነካ ሰው ጣለችው። «ቤቴ አራት ልጆች አሉኝ። ሙሾ ይዤባቸው ልግባ?»

«ወረቀት እኮ ነው።»

«ይሁና። ሰው ሲሞትብን እንመጣለን፤ እስከዚያ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልን።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ እውነቷን እንደሆነ ገባኝ። እኔስ ብሆን ሰው ሳይሞት ሙሾ ይዤ ቤቴ እገባ ነበር? ሁለት ዓመት ሙሉ ግን እዚያው ቤቴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ይህን ሳስብ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

መምህር ዮፍታሄ ተስፋ አልቆረጠም። በትምህርት ቤት አዳራሽ የመጽሐፍ ምረቃ አዘጋጀ። ሰው ሞላ። ጥቂት ተናግሬ ልቀመጥ ስል፣ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ያሰሙን» አለኝ።

«ሬሳው የታል?» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። «ያለ ሟች ሙሾ ሟርት ነው፣ ልጄ።»

«ለማሳያ ያህል ነው። ከሞቱት አንዱን ይጥሩ።»

የሞቱ ሞልተውኛል። እናቴ አለች፤ ባሌ አለ። የማዕረግን ስም ልጠራ አስቤ አፌን ስከፍት የወጣው ያንቺ ነው። ሦስት ጊዜ ጥሩሸዋ አልኩ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ግጥም ተከተለ፦

እኔ ስጀምረው አንቺ ስትጨርሺው፣
የዛሬን ግማሹን ለማን ነው የተውሽው?

ሴቶቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ደረታቸውን መቱ። ማስቆም ነበረብኝ። አላስቆምኩም። ከቀየት የመጣው ገብረየሱስ እውነት የሞትሽ መስሎት፣ ሳልጨርስ ወጥቶ መርዶውን ይዞ እንደሄደ የነገሩኝ ኋላ ነው።

የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። በማግስቱ ጎረቤቱ ንፍሮ ቀቅሎ ደጅሽን ሞላው። አንቺ ገብስ እያሰጣሽ ነበር አሉ። ሲያለቅሱ ስታዪ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ አብረሽ አለቀስሽ፤ ከዚያ ነው «ማን ሞቶብን ነው?» ያልሽው። ይህን ሲነግሩኝ ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ልጄ ትዝ አለችኝ። ማን እንደሞተ ሳትጠይቂ የምታለቅሺ ሴት ለማዕረግ እንዴት ቀረሽ?

ባለፈው ሳምንት ወንድምአገኝ መጣ። ስድብሽን ነበር የጠበቅሁት። «አክስቴ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች» አለኝ። «ስሜን ስትጠራ እውነት አልቅሳለች ወይ?»

«ጽፌ እመልስላታለሁ» ብዬ ሰደድኩት።

አልቅሻለሁ። ጉንጬ መርጠቡን ያወቅሁት ስቀመጥ ነው። ግጥሙም አልጠፋኝም። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ልክ ካልሆነ ይህ መጽሐፍ ምንድን ነው? ልክ ከሆነ ደግሞ እንባው የማን ነው? ያንቺ ነው ወይስ በጊዜው ሳይፈስ የቀረው የልጄ? እንድትሞቺ ፈልጌ ይሆን? እውነቱን ልንገርሽ፣ የተመኘሁበት ጊዜ ነበር። ወይስ ስምሽን ጮክ ብዬ የምጠራበት ሌላ መንገድ አጥቼ ነው? አላውቅም። ለምን እንደቀረሽም አላውቅም። መርዶው አልደረሳትም የሚል አለ፤ ደርሷታል የሚልም አለ። አንዳንድ ቀን ልጠይቅሽ እነሣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ባትነግሪኝ እመርጣለሁ።

መጽሐፉን ልኬልሻለሁ። ቤት አላስገባም ካልሽ ከደጅ አስቀምጪው። ገጽ አርባ አንድን ወንድምአገኝ ያሳይሽ። የማዕረግ ስም አለ፤ ከሥሩ አንድ ስንኝ፤ ከዚያ ባዶ ነው። የገዙት ጥቂት ሰዎች የማተሚያ ስህተት መስሏቸው ተቆጥተውኛል። «የፈተልሽው ጠጉር ቀረ ከእንዝርቱ ላይ» ይላል። በለቅሶዋ መጀመሪያ የጣልኩት እሱን ነበር። ሌላውን ሁሉ ብቻዬን ገጠምኩት። ይህ ብቻ እስከ ዛሬ አልገጥም አለኝ።

የካቲት አሥራ ስድስት ሙት ዓመቷ ነው። ከመቃብሯ አጠገብ ቆሜ ስሟን ሦስት ጊዜ እጠራለሁ። ከዚያ ይህን ስንኝ እጥልና ዝም እላለሁ። የመጣው ሰው ይጠብቃል፤ ይሰለቻል፤ አንዳንዱም አርጅታ ጠፋባት ይላል። ይበል። እኔ ወደ ቀየት መንገድ አያለሁ፤ ዘንድሮ ግን እንዳላየሁ አልሆንም።

ጌታነሽ
ሞላሌ፣ ጥር 2004 ዓ.ም.