የሰረዝኳት ፀሐይ

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ወፍጮ ቤቱ የታሸገው በእኔ ምክንያት ይመስለኛል። "ይመስለኛል" የምለው ለራሴ አዝኜ ነው እንጂ እርግጠኛ ነኝ።

ጠዋት በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ነጋዴ የፈቃድ እድሳት ማመልከቻ በስልክ እንዴት እንደሚሞላ እያሳየሁ የቁጥጥር ክፍሉ ሰው ገባ። ለኃላፊው ለአቶ ሲሳይ እየሳቀ ይነግራቸዋል። ከደጋው ቀበሌ አንዲት ሴት በተሰረዘ ፈቃድ ወፍጮ ስታሠራ ተገኝታ ዓርብ ዕለት አሽገውባታል። "ግድግዳዋ ላይ ደግሞ የታደሰ ፈቃድ ሰቅላለች! ሲስተሙ ተሰርዟል ይላል፤ ወረቀቷ ታድሷል ይላል። ፎርጅድ ነው።"

ስሟን ጠየቅኩት።

"ፀሐይ ኃይሉ።"

ስሙን አውቀዋለሁ። ነጋዴው "ቀጥሎስ የቱን ልንካ?" ሲለኝ ያልሆነውን አስነካሁት።

ለራሴ ግልጽ እንዲሆንልኝ ልጻፈው። ከሁለት ወር በፊት የወረዳውን የነጋዴ መዝገብ ወደ ኦንላይኑ ሳስገባ ስሞቹ አስቸገሩኝ። አንዱ ጸሐፊ "ፀሐይ" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው "ጸሀይ"። አንዱ "ኃይሉ"፣ ሌላው "ሀይሉ"። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ አንድ፣ ሰንና ሠን እንደ አንድ፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ፣ አንና ዐን እንደ አንድ የሚያይ ትንሽ የኮምፒውተር ትእዛዝ ሠራሁ። የገጠሙትን ስሞች አዋሃድኩ። የሳምንት ሥራ በአንድ ከሰዓት አለቀ። አቶ ሲሳይ በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ። እኔም ኮርቼ ነበር።

ሁለት የተለያዩ ሴቶች ቢሆኑስ? ይህን ያኔ አላሰብኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሁለት ናቸው።

የድሮውን ፋይል ከፍቼ አየሁት። ጸሀይ ሀይሉ፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ፈቃዷን መልሳ አሰርዛለች። ፀሐይ ኃይሉ፦ የእህል ወፍጮ፣ አድሳለች። የአያት ስም በአንደኛዋ ላይ ባዶ ነው። እኔ አንድ ሰው አደረግኳቸው፤ የጨርቅ ሻጯ "ተሰርዟል" ባለወፍጮዋ ላይ ወደቀ።

እንዲህ ያዋሃድኳቸው ሃያ ሦስት ስሞች አሉ። ሃያ ሦስት! የቀሩት ሃያ ሁለቱስ?

ለማንም አልተናገርኩም። የምፈራውን ልዘርዝረው፣ ምናልባት ያንስ ይሆናል፦
ከሥራ መባረር። መዝገቡን ኦንላይን እንዳስገባ ከላከኝ ፕሮጀክት ጋር ያለኝ ኮንትራት ገና የሙከራ ነው።
አቶ ሲሳይ።
እናቴ ስትሰማ።
ሴትዮዋ ብትታሰር።
ሌላ ቦታ፣ አሁን፣ እኔ ሳላውቅ የሚታሸግ በር።
አላነሰም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሽ ቢተው ሄድኩ። ጋሽ ቢተው ኦንላይኑ እስኪመጣ ድረስ መዝገቡን በእጃቸው ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ጡረታቸውን ይጠብቃሉ። እንደ ቀላል ነገር አድርጌ "ፀሐይ ኃይሉ የምትባል ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"የትኛዋን? ጨርቅ ትሸጥ የነበረችውን ነው ባለወፍጮዋን? የጨርቋ እኮ ልጇ ዘንድ ወልዲያ ከገባች ቆየች።"

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ልወጣ ስል የቁጥጥር ሰውየው የባለወፍጮዋን ፋይል እያሰረ ነበር። ሐሙስ ለፖሊስ ይላካል፣ ሐሰተኛ ሰነድ በመጠቀም ወንጀል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሁለት ጊዜ እስከ አቶ ሲሳይ በር ሄጄ ተመለስኩ። አንደኛው ጊዜ እንግዳ አላቸው ብዬ ነው። አልነበራቸውም።

በሦስተኛው ገባሁና ቆሜ ነገርኳቸው። ተነሥተው በሩን ዘጉት።

"ስንት ሰው ያውቃል?"

"እኔና... ጋሽ ቢተው ሳይገባቸው አይቀርም።"

"በቃ፣ ሲስተሙ ላይ አስተካክዪው። ለቀበሌው ደግሞ በኔትወርክ ችግር የተፈጠረ ነው ብለሽ ደብዳቤ አርቅቂ። እፈርማለሁ።"

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። እፎይ አልኩ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ "በኔትወርክ ችግር ምክንያት" ብዬ ጻፍኩ። ኔትወርክ አይታሰር፣ አይባረር። ማን ያዝንበታል?

ከዚያ ግን ሃያ ሁለቱ ስሞች ትዝ አሉኝ። ችግሩ የኔትወርክ ከሆነ እነሱን የሚፈትሽ የለም። ኔትወርክ ጠፍቶ ተመለሰ፣ አለቀ ነው የሚባለው።

አጠፋሁትና እንደገና ጻፍኩት። "መረጃው ወደ ኦንላይን ሲዛወር ባለሙያዋ ሁለት ግለሰቦችን እንደ አንድ በማዋሃዷ በተፈጠረ ስህተት።" ባለሙያዋ ብሎ መጻፍም አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ትመስላለች። ከሥሩ ስሜን ጨመርኩ፤ መስከረም ብዬ ከነአባቴ ስም።

አቶ ሲሳይ ረጅም ጊዜ አነበቡት። "ራስሽን ነው የምትጽፊው?"

"ሌሎችም ስላሉ ነው፣ አቶ ሲሳይ። ዝርዝሩ ይፈተሽ።"

ፈረሙ። "የፖሊሱን ፋይል አስቀርልሻለሁ። ግን ላሠማራሽ ፕሮጀክት አሳውቃለሁ፤ የኮንትራትሽን ነገር እነሱ ይወስኑ።" ተቆጥተው ቢጮሁ ኖሮ እንዲህ አልፈራም ነበር።

ደብዳቤው በአካል መድረስ አለበት፤ ቀበሌው ኢንተርኔት የለውም፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና እስከ ሰኞ አይወጣም። "እኔ አደርሰዋለሁ" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ጋሽ ቢተው ከጥጋቸው ሆነው "መንገዱን አታውቂውም፤ አብረን እንሄዳለን" አሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ወደ ደሃና የሚሄደው አውቶቡስ መገንጠያው ላይ አወረደን። ከዚያ ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ጋሽ ቢተው ከፊት ሆነው ዱላቸውን እየተመረኮዙ ብዙም አይናገሩም። ገብስ የጫኑ አህዮችን ይዘው ቁልቁል የሚወርዱ ሁለት ሴቶች አገኘን። "ወዴት ነው?" አሏቸው ጋሽ ቢተው።

"ወፍጮ ፍለጋ ነዋ። የእኛን አሽገውብናል፤ ታች ወንዙን ተሻግረን ልናድር ነው።"

ጋሽ ቢተው "ተመለሱ፣ ዛሬ ይከፈታል" አሏቸው። ሴቶቹ አህዮቻቸውን እየነዱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። አላመኑንም።

ወፍጮ ቤቱ ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ቀድሞ በስልክ ተነግሮት ይሆናል። ከበሩ አጠገብ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ሴቶች፣ ቆመው የሚያዩን ሽማግሌዎች። በኽምጣንጋ ያወራሉ። ቋንቋው የእናቴ ነው፤ እኔ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው። "ይቺ ናት?" ሲሉ ሰማሁ። የቀረውን አልሰማሁም። ግማሹን መስማት ከሁሉም ይብሳል። ለመሸሽ የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣ እየተመለከትኩ ነበር።

እትዬ ፀሐይ አጭር፣ ጠንካራ ሴት ናቸው። ሊቀመንበሩ እሽጉን ሊቀድ እጁን ሲሰድ "ቆይ" አሉት። ወደ እኔ ዞሩ።

"ደብዳቤው ምን ይላል? አንብቢልኝ። ሰው ሁሉ ይስማ።"

ጀመርኩ። "ባለሙያዋ" የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጋሽ ቢተው ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

"ተዋት፣ እሷ ታንብበው" አሉ እትዬ ፀሐይ።

አነበብኩት። ስሜንም ጭምር። ጋሽ ቢተው ለተሰበሰበው ሰው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ኽምጣንጋ መለሱት። ሲያበቁ እትዬ ፀሐይ ወደ እኔ ቀረቡ።

"የሰረዝሽኝ አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስምዎ ከሌላ ሰው ጋር ገጥሞብኝ ነው።"

"ከዓርብ ጀምሮ ሌባ ተብዬ ነው የከረምኩት። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እንኳ ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ እሰማ ነበር።" ከመቀነታቸው ትንሽ ስልክ አውጥተው አሳዩኝ፤ ቁጥሮቿ ተፍቀው የጠፉ። "አሁን ሁሉ ነገር በስልክ ነው አሉን። ነገ ደግሞ ብትሰርዢኝ በዚች በምኗ አውቃለሁ?"

"አላውቅም" አልኩ።

ስልኳን መቀነታቸው ውስጥ መልሰው ወደ በሩ ሄደው እሽጉን በገዛ እጃቸው ቀደዱት። ሞተሩ ሁለቴ አልነሣም አለ። በሦስተኛው ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ተራ ለመያዝ ተጋፉ። እኔን ያየኝ አልነበረም።

እትዬ ፀሐይ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ስንሰናበት ግን "ውኃ ጠጥተሽ ሂጂ" አሉኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ከጋሽ ቢተው ጋር ሃያ ሁለቱን ስሞች አንድ በአንድ። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ። "እሱ አንድ ሰው ነው፣ ሱቅ ቀይሮ ነው።" "እሷም አንድ ናት።" አብዛኛው ደህና ነበር።

ከዚያ "ሁሴን አሊ፣ ሑሴን ዓሊ" አልኩ። ዓይናቸውን ገለጡ። "የአጎት ልጆች ናቸው። አንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ነው ሱቃቸው።"

አንደኛው ሥራ አቁሟል። ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት ሊያድስ ነው፤ ሲስተሙ ግን ተሰርዟል ብሎ ሊመልሰው ነበር።

ማስተካከሉ ደቂቃ አልፈጀም። ሱቁ ድረስ መሄዱ ነው የከበደኝ። ሰውየው ጨርቅ እየለካ ሰማኝ፤ ሜትሩን ከእጁ አላስቀመጠም። "ሳይታሸግ ነገርሽኝ፤ አልሐምዱሊላህ" አለ። ከዚያ ደግሞ፦ "ግን እህቴ፣ ባትነግሪኝስ ኖሮ?"

ይህን ጥያቄ መንገድ ሙሉ ይዤው መጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ከፕሮጀክቱ ተደወለ። ውሳኔያቸውን ሰኞ ይነግሩኛል። የደወለችው ሴት ደግ ድምፅ ነበራት፤ ደግነቷ አስፈራኝ።

ቢሮው ዝግ ቢሆንም ጋሽ ቢተው መጡ። አንድ ስም ቀርቶን ነበር። ሀብታሙ ካሳ፣ ሃብታሙ ካሣ። ሁለቱም በሰሃላ በኩል ካለ ቀበሌ፣ አንዱ ከብት ነጋዴ፣ ሌላው ምን እንደሚሸጥ አልተጻፈም። አንደኛው ተሰርዟል። ጋሽ ቢተው ብዙ አሰቡ። "እነዚህን አላውቃቸውም" አሉ በመጨረሻ። ሲያፍሩ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ወደ ሰሃላ በሚሄድ ሰው እጅ ለቀበሌው ወረቀት ላክን። መልሱ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው።

"እስከዚያስ ምን ላድርገው?" አልኳቸው።

"እኔ ብሆን ሳላይ አልሰርዝም ነበር።"

ለያየኋቸውና ሁለቱንም "የጸና" ብዬ አስቀመጥኳቸው። አንድ ሰው ከሆኑ አንድ ሰው ሁለት ፈቃድ ይኖረዋል፤ ለጊዜው ይኑረው። ቅጹ ላይ የአያትና የእናት ስም ግዴታ እንዲሆን፣ የማንም ፈቃድ ባለቤቱ ሳይጠየቅ እንዳይሰረዝ የሚል ሐሳብ ለአቶ ሲሳይ ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ ተውኩ። ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። ሰኞም እዚያ ልኑር አልኑር አላውቅም።

አሁንም እፈራለሁ። ግን ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ርቦኛል።