በረዶ የነካው መድኃኒት

ሰኞ፣ ግንቦት 4

የዛሬው ሥልጠና... ይቅር። ስለ መድኃኒት አያያዝ ደንብ ሳወራ ግማሹ ሠራተኛ ስልኩን ይነካካል፣ ግማሹ ያዛጋል። የሽያጭ ኃላፊው ዘርዓብሩክ ገና ስገባ "ፍሬናችን መጣች!" ብሎ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ይህን የደንብ ተቆጣጣሪ የሚባል ወንበር ያመጣው ድርጅታችን መድኃኒት የሚያስመጣበት የውጭ አምራች ነው፤ "እንዲህ ያለ ሰው ካልቀጠራችሁ አልሸጥላችሁም" ብሎ። እንጂ ማን ፈልጎኝ...

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የመጋዘን ሠራተኛው አስገዶም ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እሑድ የማቀዝቀዣ ክፍሉ ተበላሽቶ ኢንሱሊኑ በረዶ ሆኖ አደረ። አሁን ቀልጧል።"

"ለማን ነገርክ?"

"ለዘርዓብሩክ። ዝም በል አለኝ። ትናንት የተወሰነው ለመድኃኒት ቤቶች ወጥቷል።"

በረዶ የነካው ኢንሱሊን ሲቀልጥ ደህና ይመስላል። ኃይሉ ግን የለም። የስኳር ሕመምተኛው ውኃ ተወጋ ማለት ነው።

ዘርዓብሩክ ጋ ገባሁ። "ቀዝቃዛ መድኃኒት ቀዘቀዘ ብለሽ ልታለቅሺ ነው?" አለኝ። ቀጠለና፣ "ደግሞ ኢንሱሊን ከገበያ ጠፍቷል። ይህንንም ብናስቀር ሰው ምን ይወጋ?"

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ወዳለው መጋዘናችን ወርጄ አስቆለፍኩና ቁልፉን ይዤ መጣሁ። የወጣውስ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ለድርጅቱ ባለቤት ለጋሽ ሙሄ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ለመንግሥት ብንናገር ያሽጉናል። የዚህን ሁሉ ሠራተኛ እንጀራ አስቢ እስቲ። ትንሽ ታገሺኝ፣ ልጄ።"

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። አይደሉም...

ከቢሮ ወጥቼ ፒያሳን ዞርኩ። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ማኪያቶ አዝዤ ሳልጠጣ ተነሳሁ። ልናገር? ልታገስ? እስከ መቼ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ከአስገዶም ጋር መድኃኒት ቤቶቹን አዳረስን። ሁሉም መለሱልን። አንዱ ብቻ ለአንዲት እናት ሸጦ ቆየን። ደግነቱ ደንበኛው ናቸው፤ ደውሎ ቤታቸውን ጠየቀልኝ። ሥላሴ አጠገብ። ወይዘሮ እንቁ ይባላሉ።

በሩን ሲከፍቱልኝ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ከንፈራቸው ደርቋል።

"ውኃ አልጠግብ ብያለሁ፣ ልጄ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ነው የምወጋው። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ምግቤን ቀነስኩ።"

ምግቤን ቀነስኩ!

"ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው" አልኳቸው። "የኛ ነው።" አልተቆጡም። ነጠላቸውን ብቻ ፈለጉ። ራይድ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ስኳራቸው በጣም ወጥቷል። አስተኟቸው።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ጠዋት በቀጥታ መድኃኒት የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ከዚያ ጋሽ ሙሄ ጋ።

"ሳትነግሪኝ?" አሉኝ።

"ረቡዕ ነግሬዎት ነበር።"

ስለ ወይዘሮ እንቁ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "በሕይወት አሉ?" "አሉ።" ሌላ አልጠየቁም። ውጪም አላሉኝ፣ ተቀመጪም አላሉኝ... ቆሜ ቆሜ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

መጋዘኑ ታሸገ።

ምሳ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ የለም። ዘርዓብሩክ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ሥራ ብናጣ ልጆቼን አንቺ ታሳድጊልኛለሽ?" አለኝ። ሥጋቱ ውሸት አይደለም። መድኃኒት ቤቶቹም "መቼ ታመጣላችሁ?" እያሉ ይደውላሉ። ሕመምተኛ እየመለሱ ነው። ያንንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልክ ሆኖ እንደዚህ የሚከብድ ነገር አለ?

አስገዶም ማታ ደወለ። ጋሽ ሙሄ ቅዳሜም እሑድም ሆስፒታል ወይዘሮ እንቁን ሲጠይቁ ነበር አለ። ለማንም ሳይናገሩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ወይዘሮ እንቁ ቤታቸው ገቡ። ደውለው መረቁኝ። አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

መጋዘኑ ከተከፈተ ሳምንት ሊሆነው ነው። የተበላሸው በሙሉ ተወግዷል፤ ማቀዝቀዣውም በአዲስ ተቀይሯል። ዘርዓብሩክ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በአንገቱ ብቻ ነበር የሚመልሰው።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ከኤርፖርት።

"ናዝራዊት፣ ያዘዝነው ክትባት ገብቷል። ግን... ካርቶኑ ላይ ያለው የሙቀት ምልክት ጠቁሯል፤ መንገድ ላይ ሙቀት ሳይነካው አልቀረም። ሊረከብ የመጣው ደንበኛ ደጅ ላይ ቆሞ እየጮኸብኝ ነው።"

"እና?"

ከጀርባው የሰውየው ጩኸት ይሰማኛል።

"እና አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። ልስጠው ወይስ ይቆይ?"

"ይቆይ። መጣሁ" አልኩት።

ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ሰውየው ዞሮ ሲናገር ሰማሁት። "አይወጣም፣ ወንድሜ። ጩህ ከፈለግህ።"